በጣሳ የተቀመሰ ውሃ

ይድረስ ሃደርስፊልድ ለሚገኘው ለታላቅ ወንድሜ ለኦስበርት፤

እንዴት ነህ፣ ወንድም ዓለም? ጎንህን የቀደዱበት ቁስል ጠገገልህ ወይ? እህልስ ይወርድልሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ያ እጅህን የሚያንቀጠቅጠው መድኃኒት ተቀየረልህ ወይስ ሐኪሞቹ አሁንም «ትንሽ ታገሥ» ይሉሃል? ፐርል እንዴት ናት? ቀን ሥራ፣ ማታ አንተን ማስታመም እንዳላደቀቃት ተስፋ አደርጋለሁ። ልጃችሁ ኮሪን ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ነው ብላ ጽፋልኝ ነበር፤ እውነት ነው? ብርዱስ እንዴት አደረጋችሁ? እኛ እዚህ ላባችንን እየጠረግን፣ እናንተ ካልሲ በካልሲ ላይ ስትደርቡ ይታየኛል።

እኛ ሁላችንም በሕይወትና በጤና አለን። ዘንድሮ ዝናቡ ጠንክሯል፤ ኮረብታው ለምልሟል፣ የእርግብ አተሩም አብቧል። ፍየሎቹ እንደ ደንቡ ዝናቡ ሲገባ ስለታሰሩ ቀኑን ሙሉ ሲጮሁብን ይውላሉ። ጃኔል ፈተናዋን አልፋለች። ልጄ ስለሆነች አይደለም፣ በሒሳብ ከክፍሏ አንደኛ ናት፤ ጽሕፈቷ ብቻ እንደ አጎቷ አይነበብም። አባባ ባለፈው ወር ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላቸው። ይሄዳሉ፣ ይቆጣሉ፣ የቤቱን በር ማጠፊያ በየሳምንቱ ፈተው ይገጥማሉ። ከጁን ወር ጀምሮ ደግሞ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ከዚያ ለጀልባ ከሚሆነው ነጭ ዝግባ ለፍየሎቹ ካስማ ሲቀርጹ ከረሙ። ካስማዎቹ ጣት ጣት፣ ቢበዛ አውራ ጣት ያክላሉ። «አባባ፣ ይኼ እንኳን ፍየል ዶሮም አያስር» ብያቸው «አንቺ ስለ ካስማ ምን ታውቂያለሽ» ብለው አባረሩኝ።

አሁን አንተን አውቅሃለሁ። ይህን ሁሉ ሰላምታ ዘለህ አንዲት ቃል እየፈለግህ ነው። በየደብዳቤህ መጀመሪያ፣ የእኛን ጤና እንኳ ሳትጠይቅ፣ «ኢስሜይ ደረቅ ናት ወይ?» ትላለህ፤ እኔም «ደረቅ ናት» እያልኩ ስመልስልህ ዓመት አለፈ። ዛሬ ያቺን ቃል አልጽፍልህም፤ ቦታዋ ሲደርስ ታገኛታለህ። ጀልባህ ኢስሜይ በመልህቋ ላይ ተንሳፋ ቆማለች፣ ይህን ስጽፍ በመስኮት እያየኋት ነው፤ ስለዚህ አትደንግጥ። ከሆስፒታል አልጋ ላይ ያነሣህ የእሷ ተስፋ መሆኑን አላጣሁትም። የቀረውን ግን በተራው አንብብልኝ። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ ያለው ከአባባ ወንበር አጠገብ ስለሆነ ነው።

መቼም ያን ቀን አትረሳውም። ከማርቲኒክ ያቺን ካታማራን፣ ሁለት የፕላስቲክ ቀፎ ጎን ለጎን የተጣመሩባትን ጀልባ፣ እየነዳህ እዚህ ታይረል ቤይ የገባህ ዕለት፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ፣ የእማማን ስም በሁለቱም ጎኖቿ ላይ አጽፈህ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሲያጨበጭብ አባባ አሸዋው ላይ ቆመው ነበር። አርባ ሁለት የእንጨት ጀልባ በእጃቸው ሠርተው ባሕር ያወረዱ ሰው፤ አርባ ሦስተኛዋን ካንተ ጋር እሠራለሁ ብለው እንጨቷን ቆርጠው ያደረቁ ሰው። «ይቺ ጀልባ ናት ወይስ ሁለት የገላ መታጠቢያ ገንዳ?» አሉና ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። አዲስ ጀልባ ሲመጣ እንደ ደንባችን የሚረጨውን ውሃና ሩዝ እንኳ አልረጩላትም። አንተም እልኸኛ፣ እሳቸውም እልኸኛ። ስድስት ዓመት ሙሉ መካከላችሁ ቆሜ የሁለታችሁን ሰላምታ እየፈጠርኩ ሳቀብል ኖርኩ። አዎ፣ እየፈጠርኩ። «አባባ ሰላም ብለውሃል» ካልኩህ ሁሉ አንዱንም እሳቸው አላሉትም። ይቅር በለኝ።

ከሄድክ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ እየሄድኩ ጀልባህን አያታለሁ። እንዳስተማርከኝ ነው የማያት፤ የአንዷን ቀፎ ወለል ገልጬ ደህና ነው ብዬ አልመለስም። ከፊት ጀምሬ እስከ ሞተር ክፍሎቹ፣ በሁለቱም ቀፎ፣ ክዳን ሁሉ እያነሣሁ እጄን እሰዳለሁ። የአንዱ ክፍል ውሃ ለሌላው አይናገርም ያልከኝን ይዤዋለሁ። የማይፈለጉትን ቫልቮች፣ ባሕሩ የሚገባባቸውን የቀፎ ቀዳዳዎች የሚዘጉትን፣ ዘግቻለሁ። የቀኙ ሞተር ውሃ የሚስብበት ቫልቭ ብቻ ተጣብቆ አልዘጋ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ነገ እጽፍለታለሁ እያልኩ አንተን ላለማስጨነቅ ዝም አልኩ፤ ይኸም የእኔ ጥፋት ነው።

አባባ አብረውኝ ይመጣሉ። ይህንንም አልነገርኩህም። ታንኳዋን እኔ እቀዝፋለሁ፣ እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው አቀዛዘፌን ይተቻሉ። ኢስሜይ ጋ ስንደርስ ግን አይወጡባትም። «እኔ የጀልባ ሰው ነኝ፤ ፕላስቲክ ላይ እግሬን አላሳርፍም» ይሉና ገመዷን ይዘው ታንኳዋ ውስጥ ይቀመጣሉ። ታዲያ በጃንዋሪ አንድ ቀን ወለሉ ሥር ጥቂት ውሃ አገኘሁ። ከየት እንደመጣ ግራ ቢገባኝ በጣሳ ቀድቼ ወደ ታች አቀበልኳቸው። ጣታቸውን ነከሩ፣ ቀመሱ፣ እንትፍ አሉ። «ጨው የለውም፤ የጣሪያሽ መስኮት ያንጠባጥባል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ መስኮቱን በማስቲሽ ብሞላው ቆመ።

የዊንድዋርድ መንደር ጀልባ ሠሪ ሁሉ እንዲህ እንደሚያደርግ አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ። ጨው ካለው ባሕሩ ገብቷል፤ ከሌለው ወይ ዝናብ ነው ወይ የመጠጥ ውሃ ጋኑ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጣሳዋ የሁለታችን ሥርዓት ሆነች። ጠብታ ባገኘሁ ቁጥር በጣሳ ለአባባ። ባዶ እጄን ስመለስ ፊታቸው ይጠቁራል። እንዲያውም አንዴ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ከወጥ ቤቷ ቧንቧ ቀድቼ ሰጠኋቸው፤ ቀመሱና «የመጠጥ ጋንሽን ፈትሺ» አሉኝ! ሳቄን ለመደበቅ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። ምላስ አለኝ፣ ራሴ ልቀምሰው እችል ነበር። ግን አባባን ከጀልባህ ጋር የምታገናኛቸው ያቺ ጣሳ ብቻ ነበረችና እንዴት አድርጌ ልንጠቃቸው?

ኦገስት ላይ አባባን ሁለት ሳምንት ትኩሳት ጥሏቸው እንደነበር ጽፌልሃለሁ። ተነሡ፣ በሉ፣ ተቆጡ፤ ዳኑ ብለን ተውነው።

ኦክቶበር ላይ ስምንት ቀን ሙሉ ፀሐይ ሳናይ ዘነበ። ማክሰኞ ብሄድ በቀኙ ሞተር ክፍል ሁለት ጣት ያህል ውሃ አለ። ጣሳዋን አቀበልኩ። «ዝናብ ነው» አሉ። ክዳኑን በላስቲክ ሸፈንኩት። ዓርብም ያው ሁለት ጣት፤ «ዝናብ ነው፣ አልኩሽ እኮ።» ቅዳሜ ዝናቡ አባራ፣ ደመናው ብቻ ቀረ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ብሄድ ውሃው አልጎደለም። ያን ጊዜ ሆዴ ጠረጠረ። «አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት? ሦስት ቀን አልዘነበም እኮ» አልኳቸው። ጣሳዋን መልሰው እጄ ላይ አኖሩና «ይኼ አርባ ሁለት ጀልባ የቀመሰ ምላስ ነው። አንቺስ፣ ስንት ቀምሰሻል?» አሉኝ። ውሃውን ባሕር ውስጥ ደፋሁት። ያን ዕለት ጣቴን ነክሬ ብቀምስ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። ያላወቅኩት፣ የገባውን ውሃ ወደ ውጭ የሚተፋው ፓምፕ ለካ ቀን ከሌት በራሱ ሲገፋ ነበር የሰነበተው። ሁለት ጣት ያልኩት ፓምፑ ሳይችለው የቀረውን ነው። ፀሐይ ደግሞ ስለሌለች በፀሐይ የሚሞላው ባትሪ እየደከመ፣ እየደከመ ነበር።

ሐሙስ ለምሳ የዓሣ ሾርባ ሠራሁ፣ ካልበሰለ ሙዝ ጋር፣ አንተ እንደምትወደው። ሐሳቤ ጀልባዋ ላይ ስለነበር ጨው ጨምሬ ረሳሁና ደግሜ ጨመርኩ። ጃኔል አንድ ማንኪያ ቀመሰችና «እማዬ፣ ባሕሩን ነው እንዴ የቀቀልሽው?» ብላ ወደ ውሃው ማሰሮ ሮጠች። አባባ ግን ሳህናቸውን እስከ ታች ጠረጉት። ማንኪያቸውን አስቀምጠው «ዛሬ ጥሩ ወጥቶልሻል» አሉኝ። ከሳህናቸው የቀረውን ብቀምስ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ።

ኦስበርት፣ ያን ሁሉ «ዝናብ ነው» ያሉኝን አስታወስኩ። ፊታቸውን አየሁት፤ የዋህ፣ የጠገበ ፊት። ዞሬ በመስኮት ወደ ባሕሩ ብመለከት የውሃ ልኩን የሚያሳየው የኢስሜይ ቀይ መስመር በቀኝ በኩል ውሃ ውስጥ ገብቷል። በአንድ እጇ ሙሉ ባልዲ እንደያዘች ሴት ወደ ጎን አዘንብላ ቆማለች።

በባዶ እግሬ ወጣሁ። ጠላቂው ጎረቤታችን ሉሻን መረቡን ሲጠግን አገኘሁት። «ዶሬል፣ ጫማሽን እኮ ረሳሽ!» ብሎ ሊስቅብኝ ጀመረ፤ «ኢስሜይ!» ስለው ሳቁን ውጦ ወደ ጀልባው ዘለለ። ደርሰን የቀኙን ሞተር ክዳን ብናነሣ ሞተሩ አይታይም፤ ጥቁር፣ ዘይት የተንሳፈፈበት ውሃ ብቻ ነው። ፓምፑ ድምፁ የለም። ውሃው የኤሌክትሪክ ገመዶቹ በሚያልፉበት ቀዳዳ ወደ መኝታ ክፍልህ እየፈሰሰ ነበር፤ ፍራሽህ ተንሳፏል፣ መጻሕፍትህ ተንሳፈዋል። ያን ጊዜ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ጨው ነው። ጨው ብቻ።

ሉሻን በባልዲ፣ እኔ በድስት ቀዳን። ስንቀዳ ይሞላል። ሉሻን ሦስት ጊዜ እጁን ሰድዶ ቫልቩን ሊያዞር ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። ቱቦውን የሚያጠብቀው የብረት ቀለበት ዝጎ ተበልቶ፣ ቱቦው ከነጭራሹ ወጥቶ፣ ባሕሩ በባዶው አፍ እየገባ ነው። ቀዳዳውን በጨርቅ ልድፈነው ቢል ውሃው ገፍቶ ይመልስበታል። «እህቴ፣ ይቺ አንድ ሰዓት አትቆይም፤ ጥልቀት ወደሌለው ውሃ እንጎትታት» አለኝ። አንተ ታየኸኝ፤ «ሰጠመች» የሚለውን ደብዳቤ ስትከፍት።

ቀና ብል ጃኔል እየቀዘፈች ትመጣለች፤ አባባ ታንኳዋ መሐል ቆመዋል፣ የፍየል ካስማዎቹን ከረጢት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው። «ተቀመጡ አባባ፣ ይወድቃሉ!» ብዬ ጮህኩ። «እጅሽን ስጪኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ስድስት ዓመት አልረግጣትም ያሏት ጀልባ ላይ በአንድ እርምጃ ወጡ። ሉሻንን በክርናቸው ገፍተው በሆዳቸው ተኙና ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ሰደዱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «አለሽ» አሉ በለሆሳስ፣ ቀዳዳዋን። ከዚያ በሌላው እጃቸው ከረጢቱ ውስጥ ዳበሱ፤ አንዱን አወጡ፣ መለሱት፣ ሌላ አወጡ። ሰኩት። ከእንጨት የተሠራች መዶሻቸውን ከጃኔል ተቀብለው ውሃው ውስጥ ሦስት ጊዜ መቱ። ቆመ። ዝግባ ሲረጥብ ያብጣል፤ ጠጥቶ ጠጥቶ ጥርቅም አለ።

ለካ ካስማ አልነበሩም። በጁን ጀልባዋን ለቀለም ከውሃ ስናወጣት፣ ሁላችንም ለምሳ ስንሄድ፣ እሳቸው ብቻቸውን ዙሪያዋን እየዞሩ ቀዳዳዎቿን በጣታቸው ለክተዋል። ዘጠኝ ቀዳዳ፣ ዘጠኝ መድፈኛ። ስንት ቀዳዳ እንዳላት እኔ አላውቅም ነበር፤ የሚንቋት ሰውዬ ግን ያውቁ ነበር።

እስኪመሽ ድረስ ቀዳን። ሉሻን ሄደ፣ ጃኔል ፍራሽህን ጭና ወሰደች። አባባ የኋላው ደረጃ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ባሕር ውስጥ ነክረዋል፤ ሸሚዛቸው በዘይት ጠቁሯል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አባባ?» አልኳቸው። ያልገባቸው መስለው ሸሚዛቸውን ጨመቁ። ከዚያ «ከትኩሳቱ ወዲህ። ሎሚውም ጨውም አንድ ሆነብኝ» አሉ። «ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?» ስላቸው ቀና ብለው አላዩኝም። «ብነግርሽ ጣሳዋን ታቀብዪኝ ነበር?» አሉኝ።

አለቀስኩ፤ ምን አደርጋለሁ። እሳቸውም ደረቅ ቦታ የሌለውን እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑት፤ ጸጉሬ የሞተር ዘይት ሆነ።

እባክህ በእሳቸው እንዳትቆጣ። መቆጣት ካለብህ በእኔ ተቆጣ፤ ማክሰኞ ጠርጥሬ እንዳላሳፍራቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የጠፋብህን ልንገርህ፦ ከመጻሕፍትህ ግማሹ፣ የፐርል መጋረጃዎች፣ አንዱ ባትሪ። ሞተሩን ሉሻን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ዘይቱን ሦስት ጊዜ ቀየረው፤ በአራተኛው ቀን አስነጠሰና ተነሣ። ጀልባዋን ሰኞ ከውሃ አወጣናት። የተጣበቀው ቫልቭ ተቀይሯል፣ ቱቦዎቹ ሁሉ አዲስ ናቸው፣ ለእያንዳንዱም ሁለት ሁለት ቀለበት አስረንለታል። ገመዶቹ የሚያልፉበትን ቀዳዳ ደፍነነዋል። በአባባ ትእዛዝ ፓምፑ ላይ ደወል ተገጥሟል፤ «በዝምታ የሚሠራ ፓምፕ ውሸታም ነው» ይላሉ። ዘጠኙም መድፈኛዎች በየቀዳዳቸው አጠገብ በክር ታስረዋል። አባባ ደግሞ ከእያንዳንዱ ክዳን በታች የሕፃን ፓውደር ነስንሰዋል፤ ጠብታ ብትገባ መንገዷ ይታይ ብለው ነው። ጀልባህ አሁን እንደ ታጠበ ሕፃን ትሸታለች፤ ሉሻን አፍንጫውን ይዞ ይስቃል።

ወደ ባሕር ስንመልሳት አባባ በጎድጓዳ ሳህን ውሃና ሩዝ ይዘው መጡ። በቀኟም በግራዋም ረጩላት። እጃቸውን ስሟ ላይ አሳርፈው «ኢስሜይ፣ ዘገየሁብሽ» አሉ። ለጀልባዋ ይሁን ለእማማ አልጠየቅኳቸውም።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ እሳቸው ወለሉ ላይ ይንበረከካሉ፣ የምቀምሰው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን ዘይት አፌ ገብቶ ሊያስመልሰኝ ሲል ሳል እስኪይዛቸው ሳቁብኝ። «እንግዲህ ምላሴ አንቺ ነሽ፤ በትኩስ ሻይ እንዳታቃጥዪብኝ» አሉኝ።

ሁለት ነገር ልለምንህ። ስለ ምላሳቸው የጻፍኩልህን እንዳታነሣባቸው፤ ስትመጣ ራሳቸው ይንገሩህ። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጀልባህ ደረቅ መሆኗን እኔን አትጠይቀኝ። እሳቸውን ጠይቃቸው። በሌላ ወረቀት፣ በትልልቅ ፊደል፣ በስማቸው ጻፍላቸው። ስለ ሌላው ነገር መናገር ካቃተህ ተወው፤ ስለ ውሃው ብቻ ጠይቃቸው።

ፐርልን እጅ ነሥቻለሁ፤ ስለ መጋረጃዎቹ ይቅር ትበለኝ። ኮሪንን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ በላት፤ ለመሳም ትልቅ ሆኛለሁ ካለ በግድ። እነዚያ ሾርባ የሚያመጡልህን የፎቅ ጎረቤቶችህን አመስግንልኝ። ጃኔል ትናፍቅሃለች። ሉሻን ሰላም ብሎሃል፤ ስትመጣ ባልዲ ይዘህ ና ብሏል።

ይህን ጽፌ ላሽገው ስል አባባ ከፍየሎቹ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለኦስበርት» አልኳቸው። ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ አልሄዱም። በመስኮቱ ወደ ባሕሩ ረዘም አድርገው አዩና «ደረቅ ናት በዪው» አሉ።

ወንድሜ፣ ይህቺን እኔ አልፈጠርኳትም።

እህትህ ዶሬል

ሃርቪ ቬል፣ ካሪያኩ
ኖቬምበር 9 ቀን 2003